ሄንሪ ሞርገንታውና የጦርነቱ ቦንድ

ሄንሪ ሞርገንታው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1891 ዓ.ም. በኒውዮርክ ተወለዱ። በወጣትነታቸው ገበሬ ሆነው ፖም ያለሙ ነበር፤ ጎረቤታቸው ሩዝቬልት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆነው በ1934 የገንዘብ ሚኒስትርነቱን ሰጧቸው። ጦርነት በመጣ ጊዜ ፋብሪካዎች ወደ ጦር መሣሪያ ሥራ ስለ ዞሩ የሠራተኛው ገቢ በዛ፥ የገበያው ዕቃ ግን አነሰ። ገንዘብ በዝቶ ዕቃ ሲያንስ ዋጋ እንዲወደድ፥ ጭነቱም በድኃው ላይ እንዲከብድ ሞርገንታው አስተዋሉ። ስለዚህ በ1941 ለሕዝቡ ቦንድ ማሸጥ ጀመሩ፤ 18 ዶላር ከ75 ሳንቲም ያበደረ ከ10 ዓመት በኋላ 25 ዶላር የሚቀበልበት ነበር። በግድ ይቈጠብ የሚሉ ቢነሡም፥ እርሳቸው በፈቃድ እንዲሆን ጸኑ፤ ከ80 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰውም ገዛ። ግብርና የዋጋ ቍጥጥርም ቦንዱን አገዙት። ሞርገንታው በ1967 ዐረፉ። ሕዝብ ገንዘቡን በፈቃዱ የሚያበድረው በአደራ ጠባቂው ሲታመን ነውና፥ ሹም ሁሉ ይህን ያስብ።