ማልኮም ኤክስ፦ በሐርለም ከአጥሩ ውስጥና ከአጥሩ ውጭ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ማልኮም ኤክስን ብዙዎቻችን የምናውቀው በንግግሩና በአሟሟቱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሕይወቱን ከሌላ አቅጣጫ እንመለከታለን። በትልቅ ከተማ ውስጥ ራሱን አጥሮ የሚኖር የሃይማኖት ማኅበረሰብ ለውስጥ ሰው ምን ይሰጣል? ምንስ ያስከፍላል? ማልኮም ሁለቱንም በራሱ ሕይወት አይቷል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱና እስሩ

ማልኮም ሊትል ሜይ 19 ቀን 1925 በአሜሪካ ኔብራስካ ግዛት ኦማሃ ከተማ ተወለደ። አባቱ የባፕቲስት ሰባኪና የማርከስ ጋርቬይ ተከታይ ነበር። በ1931 ላንሲንግ በምትባል ከተማ ባቡር ገጭቶት ሞተ። ቤተሰቡ ግን ነጭ ዘረኞች ገደሉት ብሎ ያምን ነበር። ከዓመታት በኋላ እናቱ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ስትገባ ልጆቹ በየሰዉ ቤት ተበተኑ።

ማልኮም ወጣትነቱን በቦስተንና በኒውዮርኩ ሐርለም በቁማር፣ በዕፅና በስርቆት አሳለፈ። በ1946 በስርቆት ተይዞ ከ8 እስከ 10 ዓመት እስራት ሲፈረድበት ገና የ20 ዓመት ልጅ ነበር።

እስር ቤት ሳለ ወንድሞቹና እህቶቹ ኔሽን ኦፍ ኢስላም ስለሚባለው ድርጅት ነገሩት። ድርጅቱ በ1930 በዲትሮይት የተመሠረተ ሲሆን መሪው ኢላይጃ ሙሐመድ መቀመጫውን ቺካጎ አድርጎ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ልናደርግ ይገባል። የድርጅቱ ትምህርት ከኢስላም ዐቂዳ እጅግ የራቀ ነበር። መሥራቹን ፋርድ ሙሐመድን በሰው መልክ የመጣ አምላክ፣ ኢላይጃን መልእክተኛ፣ ነጮችን ደግሞ በተፈጥሯቸው ሰይጣናት አድርጎ ያስተምር ነበር። ይህ ከተውሒድ ጋርም ሆነ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የነቢያት መደምደሚያ ከመሆናቸው ጋር ፈጽሞ አይገናኝም።

አጥሩ የሰጠው

ማልኮም በ1952 ከእስር ወጣ፤ የቤተሰቡን ስም ጥሎ በኤክስ ተካው። ይህ ፊደል አባቶቹ በባርነት ያጡትን የማይታወቅ ስም የሚወክል ነበር። በ1954 ኢላይጃ የሐርለሙን 7ኛ ቤተ አምልኮ እንዲመራ ሾመው።

ድርጅቱ ለአባላቱ የሰጠውን ነገር ማቃለል አንችልም። አሳማ፣ መጠጥ፣ ሲጋራ፣ ዕፅ፣ ቁማርና ዝሙት ክልክል ነበሩ። ወንዶቹ ሱፍ ለብሰው ክራቫት አስረው፣ ሴቶቹ ተሸፋፍነው ይሄዱ ነበር። የራሳቸው ምግብ ቤት፣ ትምህርት ቤትና ጋዜጣ ነበራቸው። ሌላው ሰው ተስፋ የቆረጠባቸውን እስረኞችና የዕፅ ሱሰኞች አንስተው የቤተሰብ ኃላፊ አድርገዋል። ማልኮም ራሱ የዚህ ምስክር ነው።

ከውጭው ሰው ጋር የነበራቸው ግንኙነት ግን ጠባብ ነበር። ማልኮምና ጓደኞቹ እሑድ እሑድ በሐርለም አብያተ ክርስቲያናት ደጃፍ ቆመው ከጸሎት የሚወጣውን ሕዝብ ወደ ራሳቸው ይጠሩ ነበር። ድርጅቱ ሰው ከውጭ ወደ ውስጥ ያስገባል እንጂ ከውጭው ጋር አብሮ አይሠራም። አባላቱ በምርጫ አይሳተፉም፤ ጥቁሮች ለመብታቸው በሚያደርጉት ሰልፍም አይወጡም ነበር።

አፕሪል 1957 ሂንተን ጆንሰን የተባለ አባል በሐርለም መንገድ ላይ ፖሊስ ክፉኛ ደብድቦት ታሰረ። ማልኮም አባላቱን አሰልፎ ፖሊስ ጣቢያው ደጅ ላይ አቆማቸው። ሰልፈኞቹ አይጮኹም፤ ድንጋይም አይወረውሩም። የሰፈሩ ሰው ከኋላቸው እየተከማቸ ሄደ። የተደበደበው ሰው ሆስፒታል እንዲወሰድ ከተደረገና ለሕክምናው ዋስትና ከተሰጠ በኋላ ማልኮም በእጁ ምልክት ሰጠ፤ ሕዝቡም ተበተነ። ኋላም ፍርድ ቤት ለተጎጂው 70 ሺህ ዶላር ገደማ ካሳ ፈረደለት። ያን ቀን ሐርለም እነዚህ ሰዎች አንዱ ሲነካ ሁሉም እንደሚነሱ አየ። ፖሊስም አይቶ ከዚያ ወዲያ ማልኮምን በቅርብ ይከታተለው ጀመር።

አጥሩ ያስከፈለው

በ1959 ስለ ድርጅቱ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም በኒውዮርክ ቴሌቪዥን ታየ። ብዙ አሜሪካውያን ስለ ድርጅቱ መጀመሪያ የሰሙት በዚህ ፊልም ሲሆን፣ ፊልሙ ያሳያቸው ጥላቻውን ነበር። ሱሰኛው እንዴት እንደዳነ የሚያውቀው የውስጥ ሰው ብቻ ነበር። ከውጭ የሚታየው አጥሩ ነው፤ አጥር ብቻ የሚያይ ሰው ደግሞ ይፈራል።

አፕሪል 1962 የሎስ አንጀለስ ፖሊስ በድርጅቱ ቤተ አምልኮ ላይ ተኩሶ ሮናልድ ስቶክስ የተባለውን መሣሪያ ያልያዘ አባል ገደለ፤ ሌሎችንም አቆሰለ። ማልኮም ወደዚያ ሄዶ ከጥቁር ቄሶችና ከመብት ተሟጋቾች ጋር በአንድ ድምፅ መቃወም ጀመረ። ለአንድ ሙስሊም ደም ክርስቲያኖች ሲቆሙ ማየት ለእርሱ ትልቅ ነገር ነበር። ኢላይጃ ግን አስቆመው። ማልኮም ታዘዘ፤ ልቡ ግን ተሰበረ።

ሌላም ነገር አለ። አንዲት ነጭ የኮሌጅ ተማሪ ንግግሩን ከሰማች በኋላ እስከ ኒውዮርክ ድረስ መጥታ ለጥቁሮች ምን ልታደርግ እንደምትችል ጠየቀችው። ምንም ልታደርጊ አትችይም ብሎ መለሳት። ልጅቱ እያለቀሰች ሄደች። ማልኮም ይህን መልሱን እስከ መጨረሻዎቹ ቀናቱ ድረስ እየተጸጸተ ያነሳው ነበር።

በ1963 ኢላይጃ ከጸሐፊዎቹ ልጆች መውለዱን አረጋገጠ። ሌላው አባል በዝሙት ሲባረር መሪው ላይ የሚናገር አልነበረም። በአንድ ሰው ቃል ብቻ የሚመራ ዝግ ቤት የራሱን ስሕተት የሚያርምበት መንገድ የለውም። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ማልኮም ስለ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ግድያ በተናገረው ሰበብ እንዳይናገር ታገደ። ማርች 1964 ድርጅቱን ለቆ መውጣቱን አስታወቀ። በእጁ ወደ ድርጅቱ ያስገባቸው ሰዎች ሰላምታ ነፈጉት፤ የገዛ ወንድሙ ሳይቀር በአደባባይ አወገዘው።

እንግዳው በመካ በር

አረብና አፍሪካዊ ሙስሊሞች የድርጅቱ ትምህርት ኢስላም እንዳልሆነ አስቀድመው ነግረውት ነበር። ከድርጅቱ ሲወጣ በኒውዮርክ ዶክተር ማሕሙድ ዩሱፍ ሸዋርቢ ተቀብለው አስተማሩት፤ ለሐጅ ጉዞውም ረዱት።

አፕሪል 1964 ጂዳ ሲደርስ ባለ ሥልጣናቱ አሜሪካዊ ፓስፖርቱን አይተው ሙስሊምነቱ እስኪጣራ አቆዩት። ለዓመታት የእምነት አስተማሪ ተብሎ የኖረው ሰው ሶላትን እንኳ በወጉ መስገድ እንደማይችል በራሱ አፍሮ መስክሯል። እንግዳ ሆኖ በር ላይ የቆመው በዚህ ጊዜ እርሱ ነበር። የአዛም ቤተሰብ ደረሰለት፤ አባትየው ዐብዱረሕማን አዛም ያረፉበትን የሆቴል ክፍል ለቀቁለት። ከዚያም ልዑል ፈይሰል የመንግሥት እንግዳ አደረጉት። ማልኮም በኢሕራም ሆኖ መልካቸው ከማንኛውም ነጭ ከማይለይ ሙስሊሞች ጋር ከአንድ ሳህን በላ፤ ጎን ለጎን ተኛ፤ በአንድ ሶፍ ሰገደ። ነጭ ሁሉ በተፈጥሮው ሰይጣን ነው የሚለውን ትምህርት እዚያው ጣለ። ስሙም አል-ሐጅ ማሊክ አሸ-ሸባዝ ሆነ።

የአሜሪካን ዘረኝነት መቃወሙን ግን አልተወም። ጁን 1964 በአዲስ አበባ የተቋቋመውን የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አርአያ በማድረግ የአፍሮ-አሜሪካውያን አንድነት ድርጅትን በኒውዮርክ መሠረተ። በዚያው ዓመት ባደረገው ሁለተኛ የአፍሪካ ጉዞ አገራችን ኢትዮጵያንም ጎብኝቷል። ሙስሊም ያልሆኑ ጥቁሮች እምነታቸውን ሳይለቁ አብረውት የሚታገሉበትን በር ከፈተ።

ሞቱና ጀናዛው

የቀድሞ ድርጅቱ ይኖርበት የነበረውን የኩዊንስ ቤት እንዲለቅ በፍርድ ቤት አስፈረደበት። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1965 ሌሊት ሚስቱና ሴት ልጆቹ ተኝተው ሳለ በቤቱ ላይ የእሳት ቦምብ ተጣለ። ከ7 ቀን በኋላ በኦዱቦን አዳራሽ ለንግግር እንደቆመ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ዕድሜው 39 ነበር። በግድያው ከተፈረደባቸው 3 ሰዎች ሁለቱ ንጹሕ መሆናቸው በፍርድ ቤት የተረጋገጠው በ2021 ነው፤ ሁለቱም ከ20 ዓመት ያላነሰ ጊዜ ታስረው ነበር።

ከሞቱ በኋላ ለሽኝቱ የሚሆን ቦታ ጠፋ። በርካታ የሐርለም አብያተ ክርስቲያናት የቦምብ ጥቃት ፈርተው እምቢ አሉ። በመጨረሻ በር የከፈተው አንድ የጴንጤቆስጤ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጳጳሱ አልቪን ቻይልድስ የቦምብ ዛቻ እየደረሳቸው ሐሳባቸውን አልቀየሩም። በሌላ በኩል በመካ ያስተማሩት ሱዳናዊው ሸይኽ አሕመድ ሐሱን አስከሬኑ የለበሰውን ሱፍ አስወልቀው አጠቡት፤ በነጭ ከፈንም ከፈኑት። ፌብሩዋሪ 27 ቀን በፈርንክሊፍ መቃብር ወዳጆቹ አካፋውን ከቀብር ሠራተኞች ተቀብለው በእጃቸው አፈር አለበሱት።

ማልኮም በወጣትነቱ በአብያተ ክርስቲያናት ደጅ ቆሞ ምእመናኑን ሲጠራ ነበር። በጀናዛው ቀን ቤተሰቡን የተቀበለው ከእነዚያ አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ሆነ፤ እርሱ የገነባው ቤት ግን በሩን ዘግቶበታል።

በ1975 ኢላይጃ ሲሞት ልጁ ዋሪስ ዲን ሙሐመድ አብዛኛውን ተከታይ ወደ ሱና መንገድ መለሰው። በ1976 የሐርለሙ ቤተ አምልኮ መስጂድ ማልኮም ሸባዝ ተባለ።

በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን፣ ከብዙ እምነት ሰዎች ጋር የምንኖር ሙስሊሞች ከዚህ ሕይወት የምንወስደው አለ። ሐላልና ሐራማችንን መጠበቅ ግዴታችን ነው፤ ልጆቻችንን ከሱስ የሚያድነውም እርሱ ነው። ነገር ግን ራሳችንን እንጠይቅ። በራችንን ለሚያንኳኳ እንግዳ ምን ብለን እንመልሳለን? መሪያችን ሲሳሳት በአደብ የሚነግረው ሰው አለን? ጎረቤታችን የሚያውቀው ሥራችንን ነው ወይስ አጥራችንን ብቻ?

አላህ (ሱ.ወ) ለወንድማችን ማሊክ አሸ-ሸባዝ ይዘንለት፤ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቀው። እኛንም ዲናችንን አጥብቀን፣ በራችንን ከፍተን የምንኖር ያድርገን። አሚን።