ኧርነስት ኤቨረት ጀስት፤ የእንቁላልን ሥርዓት የመረመረ ሊቅ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠር ዶሮ የምታስታቅፍ እመቤት ሥራዋን የምትጀምረው እንቁላሉን በመምረጥ ነው። የተሰነጠቀውንና ብዙ የቆየውን ለይታ ታስቀራለች፤ አውራ ዶሮ ከሌለበት ቤት የመጣ እንቁላልም ጫጩት እንደማይሆን ታውቃለች። የጉና ብርድ እንዳያገኘው ጥግ መርጣ፣ ገለባ ጎዝጉዛ ዶሮዋን ካስቀመጠች በኋላ 21 ቀን ያህል ትጠብቃለች። እንቁላሉ ገና ከእናቲቱ ሆድ ሳይወጣ አንዱ ሕዋስ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እየሆነ መከፈል ጀምሯል። ይህን ክፍፍል የሚያስጀምረው፣ ጊዜውን የሚወስነውና ደግሞ የሚያስቆመው ምንድን ነው? ጥያቄው ለብዙ ዘመን ከጠበብት ሳይቀር ተሰውሮ የቆየ ነበር። ዕድሜያቸውን ለዚህ ጥያቄ ከሰጡት ሊቃውንት አንዱ ጥቁር አሜሪካዊው ኧርነስት ኤቨረት ጀስት ነው።

ጀስት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነሐሴ 14 ቀን 1883 በአሜሪካ፣ በሳውዝ ካሮላይና ግዛት፣ በቻርልስተን ከተማ ተወለደ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያች አገር የባርነት ሥርዓት ከተሻረ ገና 18 ዓመት መሆኑ ነበር። አባቱ የሞተው እርሱ የ4 ዓመት ሕፃን ሳለ ስለሆነ የቤቱ ሸክም በእናቱ በሜሪ ትከሻ ላይ ወደቀ። ሜሪ በአስተማሪነት ከመሥራቷ ሌላ በፎስፌት ማዕድን ማውጫ የጉልበት ሥራ እየሠራች ልጆቿን አሳደገች፤ ጥቁሮች በራሳቸው መሬት የሚኖሩባትን መንደር ለማቋቋም ከመድከሟ የተነሣም መንደሪቱ በስሟ ሜሪቪል ተባለች።

ልጁ በታይፎይድ ታሞ ከዳነ በኋላ ማንበብ ጠፍቶበት ፊደልን እንደ አዲስ መማር ግድ ሆነበት። እናቱ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። በአካባቢው ለጥቁሮች የተከፈተውን ትምህርት ሲፈጽም ከዚያ የተሻለውን ለመፈለግ ወደ ሰሜን ሄዶ በኒው ሃምፕሽር ኪምባል ዩኒየን አካዳሚ ገባ። የ4 ዓመቱን ትምህርት በ3 ዓመት ጨርሶ በ1903 ሲመረቅ እናቱ ያንን ቀን ለማየት አልታደለችም፤ እርሱ በትምህርት ላይ ሳለ ሞታ ነበር። ከዚያ ዳርትመዝ ኮሌጅ ገብቶ በ1907 በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ። ስለ እንቁላል ዕድገት የማወቅ ፍቅር ያደረበትም በዚያ ነው።

ከፍተኛ ማዕረጉ ግን የነጮችን ዩኒቨርሲቲ በር አልከፈተለትም። ሥራ ያገኘው በዋሽንግተን፣ ጥቁሮች በሚማሩበት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ መጀመሪያ የእንግሊዝኛ ቋንቋ፣ ቀጥሎም የሥነ ሕይወት አስተማሪ ሆነ። በ1912 የእንስሳት ጥናት ክፍል ኃላፊነት ተሰጠው። ዓመቱን በማስተማር ያሳልፍና በጋ ሲመጣ በማሳቹሴትስ ባሕር ዳርቻ ወደሚገኘው የዉድስ ሆል የባሕር ሥነ ሕይወት ጣቢያ ይወርዳል። ከ1909 ጀምሮ በፕሮፌሰር ፍራንክ ሊሊ መሪነት መመራመር የጀመረበት ይህ ቦታ ለ20 በጋዎች ያህል ዋና የሥራ ቤቱ ሆነ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲም በ1916 የዶክትሬት ዲግሪ ሰጠው። ከዚያ በፊት በ1915 ለጥቁሮች መብት የሚታገለው ብሔራዊ ማኅበር የስፒንጋርን ሜዳይን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሸልም ተሸላሚው ጀስት ነበር።

ተመራማሪው ከዶሮ ይልቅ የባሕር እንስሳትን የመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። በእሾህ የተሸፈነው የባሕር ጃርትና አንዳንድ የባሕር ትሎች እንቁላላቸውንና የወንድ ዘራቸውን በውኃ ውስጥ ስለሚለቁ፣ ተመራማሪው ሁለቱን በብርጭቆ ሣሕን አገናኝቶ የሚሆነውን ሁሉ በማይክሮስኮፕ ሊከታተል ይችላል። በሺሕ የሚቆጠሩ እንቁላሎች በአንድ ጊዜ ይፀነሳሉ፤ በአንድ ሰዓት ገደማም የመጀመሪያውን ክፍፍል አብረው ያደርጋሉ።

ጀስት በ1912 ባወጣው የመጀመሪያ ጽሑፉ፣ የባሕር ትል እንቁላል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈል መክፈያው መሥመር የወንዱ ዘር በገባበት ነጥብ በኩል እንደሚያልፍ አሳየ። እንቁላሉ ከየትኛውም ጎኑ ዘሩን ሊቀበል ይችላልና ክፍፍሉ በየት በኩል እንደሚሆን አስቀድሞ የተቈረጠ አልነበረም ማለት ነው። በ1919 ደግሞ በጠፍጣፋው የባሕር ጃርት እንቁላል ላይ ሌላ ነገር አስተዋለ። አንድ ዘር እንደ ገባ፣ ከገባበት ነጥብ ተነሥቶ የእንቁላሉን ገጽ እንደ ማዕበል የሚያዳርስ ለውጥ አለ፤ ይህም በዓይን የሚታየው ስስ ሽፋን ከመነሣቱ በፊት ለሌሎች ዘሮች መግቢያውን ይዘጋል። የዚህን ጥቅም ለመረዳት የጀርመናዊውን የቴዎዶር ቦቬሪን ሥራ ማስታወስ ይበቃል። ሁለት ዘር የገባበት እንቁላል ክሮሞሶሞቹን በትክክል ማካፈል ስለማይችል ፅንሱ ብዙውን ጊዜ ይበላሻል። ስለዚህ የእንቁላሉ ገጽ ለቀጣዩ ክፍፍል ትክክለኛነት ዘብ የሚቆም የሕይወት ክፍል እንጂ ተራ መጠቅለያ አይደለም።

በባልደረቦቹ ዘንድ ይበልጥ የተከበረው በጥንቃቄው ነው። የሣሕኑን ንጽሕና፣ የውኃውን ሙቀት፣ የእንስሳቱን ጤንነት ሳያረጋግጥ ሙከራ አይጀምርም ነበር። ከተፈጥሯዊ አኗኗሩ የተዛባ እንቁላል የሚሰጠው መልስ የመዛባቱ እንጂ የሕይወት መልስ እንዳልሆነ ያምናል። እንቁላል እምቢ ያላቸው ተመራማሪዎችም ምክር ፍለጋ ወደ እርሱ ይመጡ ነበር። በዚያ ዘመን ስመ ጥሩው ዣክ ሎብ ዘር ሳይነካው በጨው ውኃና በአሲድ ብቻ እንቁላልን ማሳደግ መቻሉን አሳይቶ፣ ሕይወትን ወደ ኬሚካል ሒሳብ ለመመለስ ሲጥር፣ ጀስት በማብራሪያው አልተስማማም። በእርሱ አስተያየት እንቁላል ለማደግ የሚያስፈልገውን ኃይል በራሱ ውስጥ ይዟል፤ ከውጭ የሚመጣው ነገር ይቀሰቅሰዋል እንጂ ኃይሉን አይፈጥርለትም።

የምርምር ስሙ ሲገን ኑሮው ግን አልተቃናም። የጁሊየስ ሮዘንዋልድ የገንዘብ ድጋፍ ለጥቂት ጊዜ ቢያግዘውም፣ ለአቻዎቹ ነጮች የተፈቀደው የዩኒቨርሲቲ ወንበርና የምርምር ቤት ለእርሱ ተከለከለ። በ1929 ወደ ኢጣልያ፣ ወደ ናፖሊ የባሕር ጣቢያ ተሻገረ፤ በ1930 በበርሊን የካይዘር ቪልሄልም የሥነ ሕይወት ተቋም በክብር ተቀበለው። በአገሩ ያጣውን የሊቅ ማዕረግ በባዕድ አገር አገኘ። ዳሩ ግን በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ጀርመንም ተዘጋችበት። ከዚያ በኋላ በናፖሊ፣ በፓሪስና በብሪታኒ ባሕር ዳርቻ በሮስኮፍ እየተዘዋወረ ሠራ።

የድካሙ ፍሬ የሆኑት ሁለት መጻሕፍት በ1939 ታተሙ፤ አንዱ የባሕር እንስሳት እንቁላል የሚመረመርበትን ዘዴ፣ ሌላው የሕዋስን ገጽ ሥነ ሕይወት የሚመለከቱ ናቸው። በዓመቱ ጀርመን ፈረንሳይን ስትወር ለአጭር ጊዜ በማጎሪያ ተይዞ ተለቀቀና ወደ አሜሪካ ተመለሰ። በጣፊያ ካንሰር ታሞ ጥቅምት 27 ቀን 1941 በ58 ዓመቱ በዋሽንግተን ዐረፈ።

የጀስት አስተሳሰብ ሁሉ በጊዜ ፈተና አላለፈም። የውርስን ነገር በክሮሞሶም ላይ ካሉት ጂኖች ይልቅ በሕዋሱ ሳይቶፕላዝምና ገጽ ለማስረዳት ያደረገው ሙከራ ተረቷል። የሕዋስን ክፍፍል የሚመራው ምንድን ነው በሚለው ጥያቄ ላይ ግን የኋለኞቹ ግኝቶች ወደ እርሱ ሐሳብ ተጠግተዋል። በ1971 ዮሺዮ ማሱዊና ባልደረባው ከበሰለ የእንቁራሪት እንቁላል የተቀዳ ሳይቶፕላዝም ያልበሰለውን እንደሚያበስል አሳዩ። በ1980 ኑክሊየስ የሌለበት የእንቁራሪት እንቁላል ቁራጭ እንኳ ገጹ በክፍፍሉ የጊዜ ልክ እየተኮማተረ እንደሚላወስ ታወቀ፤ የጊዜው ቈጠራ በሳይቶፕላዝሙ ውስጥ ነበርና።

በ1982 ደግሞ እንግሊዛዊው ቲም ሃንት እዚያው ዉድስ ሆል፣ ጀስት ይመረምራቸው ከነበሩት የባሕር ጃርቶች በአንዱ እንቁላል ላይ ሲሠራ፣ በየክፍፍሉ መካከል እየተከማቸ ሄዶ በክፍፍሉ ጊዜ በድንገት የሚጠፋ ፕሮቲን አገኘ። ስሙም ሳይክሊን ተባለ። ሳይክሊን ካይኔዝ ከሚባል ኤንዛይም ጋር ተጣምሮ መጠኑ ከደረሰ ሕዋሱን ወደ ክፍፍል ይነዳዋል፤ ሲፈርስ ክፍፍሉ ይፈጸምና ዙሩ እንደገና ይጀምራል። ውኃ ሞልቶ በራሱ እንደሚገለበጥ ማሠሮ መሙላትና መፍሰስ እየተፈራረቁ ጊዜን ይቈጥራሉ ማለት ነው። ለዚህ ፕሮቲን መሥሪያ የሚሆነው መመሪያም እናቲቱ አስቀድማ በእንቁላሉ ውስጥ ያኖረችው ነው። ሃንት፣ ፖል ነርስና ሊላንድ ሃርትዌል በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

ጀስት ሳይክሊንን አላወቀም፤ ለማወቅ የሚያስችለው መሣሪያም በዘመኑ አልነበረም። እንቁላል የራሱን ሥርዓት ይዞ እንደሚኖር፣ ሥርዓቱንም ለማወቅ የሚሻ ሰው አስቀድሞ ሳያውከው መያዝን መማር እንዳለበት ግን አስተምሯል። አገሩ በ1996 በፖስታ ቴምብር ላይ መልኩን አትማ አከበረችው፤ ከሞተ 54 ዓመት ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው። በሕይወቱ ሳለ የሚሠራበት አንድ ቋሚ ክፍል ብታገኝለት ኖሮ ምን ያህል በሠራ ነበር የሚለው ሒሳብ ማንም ሊዘጋው የማይችል ሆኖ ቀርቷል። ሠራተኛን ከሥራው የሚያገናኝ ኃላፊነት ያለበት የሙያ ሰው ሁሉ ይህን ሒሳብ ሊያስብበት ይገባል።