ለጀርመን አራት ጎል ያገባው አይሁዳዊ፦ የዩሊዩስ ሂርሽ ሕይወት

ዩሊዩስ ሂርሽ የሚባለውን ሰው በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ስሙን የሰማ ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም። በዘመኑ ግን በጀርመን አገር የታወቀ ኳስ ተጫዋች ነበር። ለአገሩ ብሔራዊ ቡድን ተሰልፏል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት አራት ዓመት ወታደር ሆኖ ተዋግቷል፤ ኒሻንም ተሸልሟል። መጨረሻው ምን እንደሆነ አባቶቻችንና እናቶቻችን ከወዲሁ ሳትገምቱት አትቀሩም። ቢሆንም ሰውዬው ከመሞቱ በፊት መኖሩን ማወቅ ይገባናልና ከመጀመሪያው እንነሳ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ዩሊዩስ የተወለደው አፕሪል 7 ቀን 1892 አኸርን በምትባል የደቡብ ጀርመን ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ ነጋዴ ነበሩ፤ እሱም ለቤቱ ሰባተኛ ልጅ ነበር። ያደገው ካርልስሩሄ በሚባል ከተማ ሲሆን፣ ገና በ10 ዓመቱ ካርልስሩሄ እግር ኳስ ማኅበር የሚባለው ክለብ ውስጥ ገባ።

በዚያን ጊዜ ኳስ በጀርመን አገር እንደዛሬው የተከበረ ነገር አልነበረም። ከእንግሊዝ የመጣ ጨዋታ ነው እየተባለ ብዙ ሽማግሌና መምህር ይጠላው ነበር። ለነሱ የጨዋ ልጅ ስፖርት ጂምናስቲክ ነው። ተጫዋቾቹም ደመወዝ የላቸውም፤ ሁሉም ቀን ቀን ሥራ ውሎ ነው ኳሱን የሚጫወተው። የአይሁድ ልጆች ወደ ኳሱ የገቡት ገና ማንም የኔ ነው ባላለው በዚያ ዘመን ነበር። አዲስ ነገር ስለሆነ በሩ ክፍት ነበር ማለት ይቻላል።

ክለቡ ዊልያም ታውንሊ የሚባል እንግሊዛዊ አሰልጣኝ ነበረው። አንድ ቀን የግራ ክንፍ ተጫዋች ጎደለና ታውንሊ የ17 ዓመቱን ልጅ አስገባው። ሂርሽ ቁመቱ አጭር፣ ሩጫው ፈጣን፣ የግራ እግሩ ምት ደግሞ ኃይለኛ ነበር። ከዚያ ወዲያ ቦታውን የነጠቀው የለም። ጓደኞቹ ዩለር እያሉ ይጠሩት ጀመር። እሱ፣ ሌላው አይሁዳዊ ጎትፍሪድ ፉክስ እና ፍሪትስ ፎርደረር ሦስት ሆነው ከፊት ሲሰለፉ በጀርመን አገር የሚያቆማቸው ተከላካይ ጠፋ። በ1910 የፍጻሜ ጨዋታ ሆልሽታይን ኪልን በተጨማሪ ሰዓት 1 ለ 0 አሸንፈው የጀርመን ሻምፒዮና ሆኑ። ዩለር ያኔ ገና የ18 ዓመት ልጅ ነው።

በዲሴምበር 1911 ለመጀመሪያ ጊዜ የብሔራዊ ቡድኑን መለያ ለበሰ። ሦስት ወር ቆይቶ፣ ማርች 24 ቀን 1912፣ ጀርመን ዝቮለ በምትባል የሆላንድ ከተማ ከሆላንድ ጋር ገጠመች። ጨዋታው 5 ለ 5 አለቀ። ከአምስቱ የጀርመን ጎሎች አራቱን ያገባው ሂርሽ ነው፤ አንዷን ደግሞ ፉክስ። ልብ በሉ፣ ያን ቀን ለጀርመን ጎል ያገቡት ሁለቱም አይሁዶች ናቸው። ከዚያ በፊት በአንድ ጨዋታ አራት ጎል ያገባ ጀርመናዊ አልነበረም። በዚያው ዓመት ስቶክሆልም ላይ በተደረገው ኦሎምፒክም ሁለቱም ነበሩ። ፉክስ ሩሲያን 16 ለ 0 ሲያሸንፉ ብቻውን አሥር ጎል አገባ፤ ሂርሽ ያን ዕለት አልተሰለፈም። በጠቅላላ ሂርሽ ለአገሩ ሰባት ጊዜ ተጫውቷል።

በ1913 ወደ ኑረንበርግ አካባቢ ሄዶ በአሻንጉሊት ፋብሪካ ሥራ ያዘ፤ ኳሱን በአጠገቡ ባለችው በፉርት ከተማ ክለብ ቀጠለ። እዚያም ያ እንግሊዛዊ አሰልጣኙ ታውንሊ ነበር። በሜይ 1914 ማገደቡርግ ላይ ፉርት ከላይፕሲሽ ጋር ለዋንጫ ተጋጠመ። መደበኛው ሰዓት አለቀ፣ አልተሸናነፉም፤ የዚያን ዘመን ደንብ ደግሞ አንዱ እስኪያገባ ተጫወቱ የሚል ነው። ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ሲሯሯጡ ቆይተው ፉርት 3 ለ 2 አሸነፈ።  ሂርሽ በሁለት የተለያዩ ክለቦች ሻምፒዮና ሆነ ማለት ነው።

ሁለት ወር ሳይሞላ ጦርነት ተነሳ።

ዩሊዩስ በኦገስት 1914 ወደ ጦሩ ገባ፤ የወጣው በ1918 ጦርነቱ ሲያልቅ ነው። የብረት መስቀል የሚባለውን ኒሻን ተሸለመ። ወንድሞቹም ዘምተው ነበር፤ ከነሱ አንዱ ሊዮፖልድ በ1918 ቤልጅየም ውስጥ ወደቀ። በዚያ ጦርነት ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ አይሁዶች በጀርመን ጦር ውስጥ አገልግለዋል፤ ወደ 12 ሺህ የሚሆኑት ሞተዋል። እንዲያም ሆኖ በ1916 የጦር ሚኒስቴሩ አይሁዶቹ ከግንባር እየሸሹ ነው የሚል ሐሜት ሰምቶ፣ በየጦሩ ያሉት አይሁዶች ይቆጠሩልኝ ብሎ አዘዘ። ተቆጠሩ። ውጤቱ ግን በወቅቱ ለሕዝብ ሳይነገር ቀረ፤ ሐሜቱም እንዳለ ቆየ። ልጁን ወደ ጦር ሠራዊት የላከ ወላጅ ይሄ ነገር ምን ያህል እንደሚቆጠቁጥ ይገባዋል።

ከጦርነቱ መልስ ሂርሽ ካርልስሩሄ ወደ ድሮ ክለቡ ተመለሰ። በ1920 ኤላ ሀውዘር የምትባል ሴት አገባ፤ እሷ ክርስቲያን ነበረች። በ1922 ሃይኖልድ የሚባል ወንድ ልጅ፣ በ1928 ደግሞ ኤስተር የምትባል ሴት ልጅ ወለዱ። ከኳሱ ከወጣ በኋላም ክለቡን አልተለየም። ለኑሮው በአባቱ የባንዲራ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ያ ፋብሪካ ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት ጊዜ ከሰረ፤ ሰውዬው ሥራ አጥ ሆነ።

አሁን ወደ አፕሪል 1933 መጣን። ሂትለር ሥልጣን ከያዘ ገና ሦስት ወሩ ነው። አሥራ አራት ታላላቅ የደቡብ ጀርመን ክለቦች ሽቱትጋርት ላይ ተሰብስበው፣ አይሁዶችን ከስፖርት ክለቦች ለማስወጣት ከአዲሱ መንግሥት ጋር እንተባበራለን ብለው ተስማሙ። ልብ ይባል፣ በዚያ ሰዓት ይሄን እንዲያደርጉ ገና ሕግ አልወጣም። ከፈራሚዎቹ መካከል ካርልስሩሄም ፉርትም አሉበት፤ ሂርሽ ዋንጫ ያመጣላቸው ሁለቱም ክለቦች ማለት ነው።

ሂርሽ ይሄን የሰማው ከክለቡ ሰዎች አፍ አይደለም፤ በስፖርት ጋዜጣ ላይ አነበበው። ወዲያው፣ አፕሪል 10 ቀን፣ ወረቀትና ብዕር አንስቶ ለክለቡ ጻፈ። ደብዳቤው ዛሬም አለ። ከ1902 ጀምሮ አባል መሆኑን አስታውሶ፣ እያዘነ ከሚወደው ክለብ መውጣቱን ገለጸ። ነገር ግን አንድ ነገር ሳይናገር ማለፍ አልፈለገም፦ ዛሬ ሁሉ በሚጠላው ሕዝብ ውስጥም ደህና ሰዎች እንዳሉ፣ ምናልባትም ከሌላው ይበልጥ ለጀርመን ያሰቡና ይሄንንም በሥራና በደማቸው ያስመሰከሩ አይሁዶች እንዳሉ ጻፈ። የወንድሙን ሞት እያሰበ እንደጻፈው ለማወቅ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ሳያባርሩት ቀድሞ ወጣ። ክብሩን የጠበቀው በዚህ መንገድ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ የሥራ ፍለጋ ኑሮ ነው። ለተወሰነ ጊዜ ድንበር ተሻግሮ አልዛስ ውስጥ አሰልጣኝ ሆነ። ካርልስሩሄ ያለው የአይሁድ ስፖርት ክለብ ውስጥም አሰለጠነ። በኋላ በአንድ የወረቀት ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ረዳት ሆኖ ሠራ፤ እሱም በ1938 ቆመ። በዚያው ዓመት ፓሪስ ያለችውን እህቱን ጠይቆ ሲመለስ መንፈሱ ተሰብሮ በመንገድ ላይ ራሱን ሊያጠፋ ሞከረ። ተረፈ፤ ፈረንሳይ ውስጥ በአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ተኝቶ ቆይቶ በ1939 ወደ ቤቱ ተመለሰ። አገር ውስጥ የጠበቀው የግዴታ ሥራ ነበር፤ የብሔራዊ ቡድኑ የግራ ክንፍ በከተማው ቆሻሻ መጣያ ላይ ተመደበ።

በ1942 መጨረሻ ከኤላ ጋር ተፋቱ። የተፋቱት ተጣልተው አይደለም፤ ሚስቱንና ልጆቹን ከመከራው ላወጣ ብሎ ነው። ነገሩ ግን በራሱ ላይ ዞረ። በዚያን ጊዜ አይሁድ ያልሆነች ሴት ያገባ አይሁዳዊ ብዙውን ጊዜ ለጊዜውም ቢሆን ከመወሰድ ይታለፍ ነበር፤ ፍቺው ሲፈጸም ያ ከለላ ወደቀ። በፌብሩዋሪ 1943 ለጉዞ ተዘጋጅ የሚል ማዘዣ ደረሰው።

ማርች 1 ቀን ባቡር ጣቢያ የሸኘችው ልጁ ኤስተር ናት። የጭነት ባቡር አልነበረም፤ ሰው ሁሉ የሚሳፈርበት ተራ ባቡር ነበር። ያን ዕለት አየሩ ያማረ እንደነበር፣ ከዚያ ወዲያ አባቷን አላያቸውም ብላ እንዳላሰበች ኤስተር ካረጀች በኋላ ተናግራለች። ከሁለት ቀን በኋላ ዶርትሙንድ ላይ የተጻፈች አንዲት ፖስት ካርድ ቤት ደረሰች። በደህና መድረሱን፣ ደህና መሆኑን፣ ወደ ላይኛው ሲሌዥያ እንደሚሄድና ያም ገና ጀርመን ውስጥ እንደሆነ ይገልጻል። ሰላምታና መሳም ልኮ፣ የፈረመው ኳስ ሜዳ ላይ በሚጠራበት ስም፣ ዩለር ብሎ ነው። ላይኛው ሲሌዥያ የተባለው ቦታ አውሽቪትስ ነበር። እዚያ በተመዘገቡት እስረኞች ዝርዝር ውስጥ ስሙ አልተገኘም፤ ይሄ ማለት እንደደረሰ ወደ ጋዝ ክፍል ተወስዷል ማለት ነው።

ልጆቹም አልቀረላቸውም። ቢጫውን ኮከብ ለብሰው ሲኖሩ ቆይተው በፌብሩዋሪ 1945 ሁለቱም ወደ ቴሬዚንሽታት ካምፕ ተላኩ። ጌታ ይመስገን፣ በሜይ ወር የሩሲያ ጦር ደርሶላቸው በሕይወት ወደ ካርልስሩሄ ተመለሱ። አባታቸውን ጠበቁ። በ1950 የካርልስሩሄ ፍርድ ቤት የአባታቸው ሞት ሜይ 8 ቀን 1945 ሆኖ ይመዝገብ ብሎ ወሰነ። ያ ቀን ጦርነቱ አውሮፓ ውስጥ ያበቃበት ቀን ነው፤ የሞተበትን ትክክለኛ ቀን የሚያውቅ ስላልነበረ ለወረቀቱ ሲባል የተሞላ ነው።

በናዚዎች ዘመን፣ በ1939፣ የብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾችን ፎቶ የያዘ መጽሐፍ ሲታተም ሂርሽና ፉክስ ተዘለው ነበር። ፉክስ ሸሽቶ ካናዳ ገብቶ ተርፏል። የሚገርመው ከጦርነቱ በኋላ የሆነው ነው። በ1954 ጀርመንን የዓለም ዋንጫ ያስበላው አሰልጣኝ ዜፕ ሄርበርገር በልጅነቱ ፉክስን ያደንቅ ነበርና፣ በ1972 ሽማግሌው ፉክስ ሙኒክ ላይ ለሚደረግ ጨዋታ በክብር እንግድነት ይጠሩ ብሎ ፌዴሬሽኑን ለመነ። ፌዴሬሽኑ ገንዘብ የለም፣ ሌላውም ይሄን ካየ እኔም ልጠራ ይላል ብሎ እምቢ አለ። ፉክስም በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ሞንትሪያል ውስጥ አረፉ።

የጀርመን ፌዴሬሽን የዩሊዩስ ሂርሽን ሽልማት ያቋቋመው በ2005 ነው። በኳስ ሜዳ ዘረኝነትንና የአይሁድ ጥላቻን ለሚታገሉ ይሰጣል፤ የሂርሽ የልጅ ልጅም ከዳኞቹ ጋር ተቀምጦ አገልግሏል። የመጀመሪያውን ሽልማት ያገኘው ባየር ሙኒክ ነበር፤ የታዳጊ ቡድኑን ከእስራኤላውያንና ከፍልስጤማውያን ልጆች ድብልቅ ቡድን ጋር ስላጫወተ። በ1933 ሽቱትጋርት ላይ ከፈረሙት አሥራ አራት ክለቦች አንዱ እሱ ነበር።