ከዐድዋ ድል እስከ ሕመም አልጋ፦ የአፄ ምኒልክ የመጨረሻ ዓመታት

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ሲያርፉ፣ አንደበታቸው ከተዘጋ አራት ዓመት አልፎ ነበር። ዝም ያሰኛቸው ዛሬ ስትሮክ የምንለው ሕመም ነው።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ ገና ልጅ ነበሩ፤ አሥር ዓመት ያህል በመቅደላ በግዞት ኖረው በ1857 ዓ.ም. አምልጠው የሸዋን ዙፋን ያዙ። በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ፤ በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የጣልያንን ጦር ድል ነሡ።

ጤናቸው መታወክ የጀመረው ከድሉ አሥር ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ በ1901 ዓ.ም. ደግሞ ለአካለ መጠን ያልደረሱትን የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አደረጉ። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. የመታቸው ብርቱ ስትሮክ ግን ሰውነታቸውን ሽባ አድርጎ ንግግራቸውን ነጠቃቸው።

ስትሮክ የሚከሰተው ወደ አንጎል ደም የሚወስድ ቧንቧ ሲደፈን ወይም ሲፈነዳ ነው። እጅና እግር ሲዝሉ ማንም ያያል። የመተንፈሻ ጡንቻዎች ሲዳከሙ ግን በቀላሉ አይታወቅም። ደረትን ከሆድ የሚለየው ድያፍራም፣ በጎድን አጥንቶች መካከል ያሉትና የሆድ ጡንቻዎች ትእዛዝ የሚቀበሉት ከዚያው ከተጎዳው አንጎል ነው። በመሆኑም ብዙ ሕሙማን በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት በጥልቀት መተንፈስና አጥብቆ ማሳል ያቅታቸዋል። መዋጥም ካስቸገራቸው ምራቅና ምግብ ወደ ሳንባ ይገባል፤ የሳንባ ምች ይከተላል። ከስትሮክ የተረፉ ብዙ ሰዎችን የሚገድለው ይኸው ነው።

ዛሬ ሐኪሞች በአፍ የሚሳብና የሚገፋ ትንፋሽን ኃይል በመሣሪያ ይለካሉ፤ ምግብ ከመስጠታቸው በፊት መዋጥን ይፈትሻሉ፤ ሕመምተኛውን ቀና አድርገው ያስቀምጣሉ፤ ተቃውሞ ባለው ትንሽ መሣሪያ ትንፋሽ እያስሳቡ ጡንቻውን ያለማምዳሉ። በምኒልክ ዘመን ይህ አልነበረም። የነበረው ማስታመም ነው፤ እሱም የእቴጌ ጣይቱ ድርሻ ሆነ።

እቴጌይቱ ባላቸውን እያስታመሙ ሥልጣኑንም ይዘው ነበር። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው፤ የቀራቸው የሕመምተኛው አልጋ ብቻ ሆነ። የኢያሱ ሞግዚት ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በ1903 ዓ.ም. ሞቱ። ንጉሠ ነገሥቱ በሕይወት ስላሉ ኢያሱ ዘውድ አልጫኑም፤ ንጉሠ ነገሥቱ ደግሞ መናገር አይችሉም ነበር።

ምኒልክ ሲያርፉም ሞታቸው ከሕዝብ ተሰውሮ ቆየ። ጣይቱ ወደ እንጦጦ ተላኩ። ኢያሱ ዘውድ ሳይጭኑ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ፤ የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ነገሡ። የአባታቸው አፅም ዛሬ በአዲስ አበባ በበአታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ያርፋል፤ ያስታመሟቸው ጣይቱም እዚያው አብረዋቸው አሉ።