ካርል ቴርዛጊ፦ በአፈር ውስጥ የሙቀትን ሕግ ያገኙ መሐንዲስ

ለግንባታ የተዘጋጀ የአፈር ምርመራ ሰነድ «ኮንሶሊዴሽን» የሚል ክፍል ካለው፣ የክፍሉ ስሌት መነሻ የኦስትሪያዊው መሐንዲስ የካርል ቴርዛጊ ሥራ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቴርዛጊ በ1883 በፕራግ ተወለዱ። በግራዝ ከተማ መካኒካል ምህንድስና ተምረው በ1904 ተመረቁ። ወደ ግንባታ ሥራ ሲገቡ አንድ ነገር አሳሰባቸው። ስለ ብረትና ስለ ኮንክሪት አስተማማኝ ስሌት ነበር፤ ሁሉም ስለሚያርፍበት አፈር ግን መሐንዲሶች በአብዛኛው የሚመኩት በልምድና በግምት ነበር። ተሠርቶ የተጠናቀቀ ሕንፃ ለዓመታት ሲሰምጥ፣ መቼ እንደሚያቆም አስልቶ የሚናገር አልነበረም።

በ1916፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ ኢስታንቡል ተልከው ማስተማር ጀመሩ፤ ከጦርነቱ በኋላም በዚያው ከተማ በሮበርት ኮሌጅ ቆዩ። ዘመኑ የችግር ነበርና የሙከራ መሣሪያዎቻቸውን ከተገኘው ቁሳቁስ ራሳቸው ሠሩ። እርጥብ ሸክላ አፈር በቀለበት ውስጥ አድርገው ክብደት እየጫኑ፣ አፈሩ ምን ያህል ዝቅ እንዳለ በየጊዜው መዘገቡ። ክብደቱን በመጀመሪያ የሚሸከመው በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል የታሰረው ውሃ መሆኑን ተረዱ። ውሃው ቀስ በቀስ ሲወጣ ጫናው ወደ ቅንጣቶቹ ይተላለፋል፤ አፈሩም እየጠበቀ ይሰምጣል።

የውሃው ግፊት የሚቀንስበትን መንገድ በሒሳብ ሲገልጹት፣ ፈረንሳዊው ፉሪዬ በ1822 በታተመው መጽሐፋቸው ለሙቀት ፍሰት ካስቀመጡት እኩልታ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። የጋለ ብረት እንደሚበርድ ሁሉ የተጫነ ሸክላም ግፊቱን ይለቃል ማለት ነው። ከዚህም አንድ ጠቃሚ ውጤት ይከተላል፤ የሸክላው ውፍረት እጥፍ ሲሆን የመስመጫው ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል። ቴርዛጊ ንድፈ ሐሳቡን በ1923፣ የአፈር መካኒክስ መጽሐፋቸውን በ1925 አሳተሙ።

ዝናቸው ከሐዘን የተለየ አልነበረም። በቪየና የሥራ ባልደረባቸው የነበሩት ፕሮፌሰር ፊሉንገር ንድፈ ሐሳቡን አጥብቀው በመቃወም ጽሑፍ አሳተሙ። ጉዳዩን የመረመረው ኮሚሽን ለቴርዛጊ ፈረደ፤ ፊሉንገርና ባለቤታቸውም በ1937 ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። የኋላ ዘመን ተመራማሪዎች ፊሉንገርንም ውሃ አዘል ቁሶችን በማጥናት ረገድ ፈር ቀዳጅ ከሆኑት ይቆጥሯቸዋል። ሁለቱም ለሳይንሱ ያስፈልጉ ነበርና ጠቡ ያሳዝናል።

ቴርዛጊ በ1938 ወደ አሜሪካ ሄደው በሃርቫርድ አስተማሩ፤ በ1963ም አረፉ።

ለእርሳቸው ሙቀት ማነጻጸሪያ ብቻ ነበር። በኋላ ግን የኤሌክትሪክ ኬብሎችና ሙቀት የሚያመነጭ የኑክሌር ዝቃጭ በመሬት ውስጥ ሲቀበሩ፣ ሙቀትና ውሃ በአንድ አፈር ውስጥ አብረው የሚፈሱበት ሁኔታ ተፈጠረ። ውሃ ሲሞቅ ከአፈር ቅንጣቶች ይበልጥ ይሰፋል። ሸክላ ደግሞ ውሃን በቶሎ ስለማያሳልፍ የውስጥ ግፊቱ ያድጋል፤ አፈሩም ጥንካሬውን ሊያጣ ይችላል። ውሃው መውጫ ሲያገኝ ግፊቱ ይቀንሳል፣ አፈሩም ይጠብቃል። በ1985 ቡከርና ሳቪዱ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ በአንድ የተቀበረ የሙቀት ምንጭ ዙሪያ ግፊቱ እስከ ምን እንደሚያድግና በምን ያህል ጊዜ እንደሚረግብ የሚያሰላ ቀመር አሳተሙ። በቀመሩም የፉሪዬ ሙቀትና የቴርዛጊ ውሃ በአንድነት ይሰላሉ።