ዑመር አል-ሙኽታር፦ ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት የነበሩት መምህር



«የበረሃው አንበሳ» የተሰኘውን ፊልም ብዙዎቻችን አይተነዋል። ሙስጠፋ አል-ዐቃድ «አር-ሪሳላ»ን ከሠራ በኋላ ያዘጋጀው ሲሆን በ1981 (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ካልተገለጸ በቀር እ.ኤ.አ. ናቸው) ለእይታ በቅቷል። 35 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት በሲኒማ ቤቶች ግን ከስሯል። ዕድሜ የሰጠው የቪዲዮ ካሴት ነው፤ ቀጥሎ ዲቪዲ፣ አሁን ደግሞ ከዶርም ወደ ዶርም የሚዞር ፍላሽ።

ካዩት ሰዎች የሚሰማው አስተያየት ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ነው። አንዱ ሦስት ሰዓት ገደማ መርዘሙን ያማርራል፤ ሌላው የውጊያውን ትዕይንት ያደንቃል፤ አንዱ ደግሞ በጋዳፊ መንግሥት ገንዘብ የተሠራ ስለሆነ ፕሮፓጋንዳ ነው ይላል። ብዙው ሰው የስቅላቱ ትዕይንት ላይ እንባውን መግታት ያቅተዋል። የሁሉም ዓይን ግን ያረፈው በመጨረሻው ላይ ነው። ፊልሙ የሚጀምረው በ1929 ሲሆን፣ ያን ጊዜ ሸይኽ ዑመር ሰባ ዓመት ገደማ ሆኗቸው፣ ሊሞቱ ሁለት ዓመት ብቻ ቀርቷቸው ነበር። ከዚያ በፊት የነበረውን ረጅም ዕድሜ ምን ሠሩበት?

ዑመር አል-ሙኽታር በ1858 አካባቢ በምሥራቅ ሊቢያ፣ ባርቃ በሚባለው ግዛት፣ ከሚኒፋ ጎሣ ተወለዱ። አባታቸው ለሐጅ ወጥተው በመንገድ ላይ ስለሞቱ በልጅነታቸው የቲም ሆኑ። በአደራ የተቀበሏቸው ሸይኽ አሳድገው ለትምህርት አበቋቸው። ከዚያም የሰኑሲያ ጦሪቃ ማዕከል ወደነበረችው ጀግቡብ ተልከው ስምንት ዓመት ያህል ቁርኣንና ኪታብ ቀሩ። ከነጋዴ ቤተሰብም ሆነ ከሹም ቤት አልወጡም፤ እንደማንኛውም ደረሳ በሰው እጅ ያደጉ ልጅ ነበሩ።

በ1897 አል-ቁሱር የምትባለው ዛዊያ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። ዛዊያ ማለት በእኛ አገር ወሎ ውስጥ ሐሪማ ከምንለው ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ልጆች የሚቀሩበት፣ መንገደኛ የሚያድርበት፣ የተጣሉ ጎሣዎች የሚታረቁበት ቦታ። ሸይኹ ሥራቸው ይኸው ነበር። በመሐል ወደ ቻድ ወርደው ፈረንሳዮችን ከተዋጉት የሰኑሲያ ሰዎች ጋር ተሰልፈዋል። ተመልሰው ግን እንደገና ወደ ማስተማራቸው ገቡ። ቁርኣንን በየሳምንቱ ያኸትሙ እንደነበር የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች ይናገራሉ።

ጣሊያን በ1911 ሊቢያን ስትወር ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፎ ነበር። ዛሬ ቢሆን ጡረታ የሚታሰብበት ዕድሜ ነው። እሳቸው ግን ሃያ ዓመት የሚፈጅ ትግል ጀመሩ። በሚቀጥለው ዓመት ኦቶማኖች ከጣሊያን ጋር ተስማምተው ወጡ። በ1922 መጨረሻ የሰኑሲያው መሪ ሰይድ ኢድሪስ ወደ ግብፅ ተሰደዱ። በዚያው ዓመት ሙሶሊኒ ሥልጣን ያዘ። የጀበል አል-አኽዶር ተራራማ አገር ትግል በእኚህ አስተማሪ ትከሻ ላይ ወደቀ።

እዚህ ላይ ነው የቀድሞው ሕይወታቸው ዋጋ የሚታየው። ጎሣዎቹን አንድ ያደረጓቸው ለዓመታት ሲያስታርቋቸው ስለኖሩ ነው። ሙጃሂዶቹ በየጎሣቸው ተደራጅተው ይዋጉ ነበር፤ ዘካ ይሰበሰባል፣ ቃዲ ይፈርዳል፣ ከግብፅ ስንቅ ይመጣል። ቀን የጣሊያን የሆነው አገር ሌሊት የሳቸው ነበር። በ1929 ከባዶሊዮ ጋር ለድርድር ተቀምጠው ተኩስ ቆሞ ነበር፤ ጣሊያኖች ሸይኹ እጅ ሰጡ ብለው ሲያስወሩ ግን ተኩሱ እንደገና ቀጠለ።

በ1930 ግራዚያኒ መጣ። ሸይኹን ማሸነፍ የሚቻለው ከሕዝቡ በመነጠል መሆኑን አወቀ። 100,000 ያህል የባርቃ ዘላን ሕዝብ ከነሴቱ ከነሕፃኑ ተነቅሎ በሱሉቅ፣ በአል-ዓጌላና በሌሎች ቦታዎች በሽቦ በታጠሩ ካምፖች ውስጥ ተከማቸ። በረሃብና በበሽታ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አለቁ፤ ከብቶቻቸውም አለቁ። ከግብፅ ጋር በሚያዋስነው ድንበር ላይ ወደ 270 ኪሎ ሜትር የሚደርስ የእሾህ ሽቦ ተዘረጋ። እርዳታም ሰውም መግባት አቆመ።

መስከረም 11 ቀን 1931 ስሎንጣ አጠገብ ፈረሳቸው ተመትቶ፣ እሳቸውም ቆስለው ተያዙ። በአራተኛው ቀን ቤንጋዚ ላይ ለይስሙላ ፍርድ ቤት ቀረቡ፤ በማግስቱ መስከረም 16 ሱሉቅ ካምፕ ውስጥ፣ በግድ እንዲያይ በተሰበሰበ ወደ 20,000 የሚጠጋ እስረኛ ፊት ተሰቀሉ። ዕድሜያቸው 73 ገደማ ነበር። አላህ ይዘንላቸው፣ ሸሂድ አድርጎ ይቀበላቸው።

አሁን ወደ ተመልካቾቹ አስተያየት እንመለስ። የፕሮፓጋንዳው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ገንዘቡ የጋዳፊ ነበር፣ እሱም በ2009 ሮም ሲገባ የሸይኹን የተያዙበትን ፎቶ ደረቱ ላይ ለጥፎ ነበር። ነገር ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ጋዳፊን ለመጣል የተነሡት ሊቢያውያንም የያዙት የእኚሁኑ ሸይኽ ምስል ነው። ካምፖቹም የፊልም ፈጠራ አይደሉም። ጣሊያን የሠራዊቷን ክብር ይነካል ብላ ፊልሙን በ1982 ከልክላ፣ በቴሌቪዥን የታየው በዚያው በ2009 ነው። በሌላ በኩል በሸይኹ ስም ከሚዞሩት አባባሎች ውስጥ የፊልሙ ደራሲ የጻፋቸው አሉና ከማጋራታችን በፊት እናጣራ።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ፊልሙ ሲያልቅ ታሪኩ አያልቅም። ያው ግራዚያኒ ከደቡብ በኩል ወደ አገራችን ገባ፤ የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ጭፍጨፋና በደብረ ሊባኖስ ገዳም የፈሰሰው ደም በእሱ ዘመን የሆነ ነው። በሊቢያም በኢትዮጵያም ለሠራው አንድም ቀን ፍርድ ቤት ሳይቆም በ1955 ሞተ። የሚያምመው ሌላም ነገር አለ። በሊቢያ ሙጃሂዶች ላይ ጣሊያን የኤርትራ አስካሪዎችን አሰልፋ ነበር፤ በ1936 በኦጋዴን ደግሞ የሊቢያ ወታደሮችን በኢትዮጵያውያን ላይ አዘመተች። ተበዳይን በተበዳይ መምታት የቆየ ስልት ነው። ይህን ያወቀ ሰው በሃይማኖትም በብሔርም ስም ሊያጋጨው የሚመጣን ሁሉ ቆም ብሎ ይመረምራል።

ፊልሙን በድጋሚ የምታዩ ከሆነ፣ ሸይኹ ልጆቹን ክብ አስቀምጠው ከሱረቱ-ር-ራሕማን ስለ ሚዛን የሚያስተምሩበትን ትዕይንት አትለፉት። ብዙ ሰው ወደ ውጊያው ለመድረስ የሚያሳልፈው እሱን ነው። የሸይኹ ዕድሜ በአብዛኛው ያለፈው ግን እዚያ ነው፤ ሃያው ዓመት የቆመው በዚያ መሠረት ላይ ነው። እኛም አሁን ያለነው በመቅሪያው ጊዜ ላይ ነው። አላህ የሚጠቅመንን ዕውቀት ይስጠን፣ ባወቅነውም የምንሠራ ያድርገን። አሚን።