ንግሥት መስቀል ክብራ እና የመታሰቢያዋ ቤተ ክርስቲያን

ከመርሳና ከሐብሩ ተነሥቶ በወልድያ በኩል ወደ ላስታ የሚወጣ ተሳላሚ የሚሄደው ወደ ቅዱስ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ነው። ስለ ንጉሡ ብዙ ተነግሯል፤ ስለ ባለቤቱ ስለ ንግሥት መስቀል ክብራ ግን የሚያወሳ ጥቂት ነው። ውድ አንባብያን፣ በየቁምስናችን ለሞቱ ወገኖች መታሰቢያ አዳራሽ ለማሠራት ስንመካከር የእርሷን ሕይወት ብናስታውስ እንጠቀማለን።

መስቀል ክብራ የኖረችው በ12ኛው ምእት ዓመት ፍጻሜና በ13ኛው መጀመሪያ፣ በዛጕዌ ነገሥታት ዘመን ነበር። ትውፊት እንደሚነግረን ላሊበላ በእርሷ ምክር ዙፋኑን ለወንድሙ ልጅ ለነአኵቶ ለአብ ለቀቀ። ከ18 ወራት በኋላ ግን ወታደሮች የአንድ ድኻ ገበሬ ብቸኛ ላም ለንጉሥ ማዕድ ወሰዱ። ንግሥቲቱም ይህን ስትሰማ ባለቤቷ ወደ መንበሩ ተመልሶ ፍርድን እንዲያቀና መከረችው።

ሕይወቷ ያለ ነቀፋ አላለፈም። የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ እንደሚያወሳው ጳጳሱ አቡነ ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1210 ገደማ ወደ ግብፅ ሸሽተው፣ በንግሥቲቱ ግፊት የተሾመው ወንድሟ ሥልጣናቸውን እንደ ነጠቃቸው ከሰሱ። ጳጳሱ ራሳቸው በሌላ በደል የተከሰሱ ስለ ነበሩ በአንድ ወገን ቃል ብቻ መፍረድ አይገባንም። ሆኖም ለዘመድ ማድላት በቤተ ክርስቲያን ሹመት ውስጥ ሲገባ ምን ያህል ጠብ እንደሚያመጣ ከዚህ እንማራለን።

ላሊበላ ካረፈ በኋላ መስቀል ክብራ ለእርሱ መታሰቢያ ቤተ አባ ሊባኖስን እንዳሠራች ይነገራል። ሕዝቡ መላእክት ረድተዋት በአንድ ሌሊት ተፈጸመ ይላል። ሕንፃው እንደ ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ወደ ታች አልተቈፈረም፤ ከገደሉ ፊት ወደ ውስጥ ተፈልፍሏል። ግድግዳዎቹ በዙሪያቸው በተጠረበው ጠባብ መተላለፊያ ከዐለቱ ተለይተዋል፤ ጣራው ግን ከላይ ካለው ተራራ ጋር ተያይዞ ቀርቷል። ውስጡም በዓምዶች የተከፈለ የጸሎት አዳራሽ ነው። በመቅደሱ በኩል ቀንና ሌሊት ራሱ የሚያበራ ብርሃን እንዳለ ምእመናን ያምናሉ።

ልብ ልንለው የሚገባን አንድ ነገር አለ። ቤቱ የተጠራው በንጉሡ ወይም በንግሥቲቱ ስም አይደለም፤ ከባሕር ማዶ መጥቶ በሰሜን አገራችን በብሕትውና በኖረው በአባ ሊባኖስ ስም ነው። የኀዘኗ መታሰቢያ ሌሎች ተሰብስበው የሚጸልዩበት ቤት ሆነ።

እነዚህ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ በ2008ም ቤተ አባ ሊባኖስ ከዝናም የሚከልለው መጠለያ ተሠራለት። ኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ዛሬም ይጸልዩበታል። እኛም አዳራሽ ስንሠራ በር ላይ የማን ስም ይጻፍ ብለን ከመከራከራችን በፊት፣ በውስጡ ማን ይሰበሰባል፣ ድኻውስ ቦታ አለውን ብለን እንጠይቅ።